ነፋሱ በየት ነው?

ወረታ ሩዝ መፈልፈያው በር ላይ መኪናዬን ላቆም ስል፣ በጋለ ሞተር ላይ ያረፈ እብቅ ሲያር ሸተተኝ። ሽታው የአባባን አሮጌ ፒክአፕ አስታወሰኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ከቁሐር ሚካኤል ወደዚሁ መፈልፈያ ሩዝ የምታመላልሰው መኪናችን ያን ሰሞን ዳገት በሌለበት ሜዳ ትፈላ ጀመር። አባባ ውኃ ቢጨምርም፣ የራዲያተሩን ክዳን ቢለውጥም መፍላቷን አልተወችም። መካኒኩ ሞተሩ ወርዶ ይከፈት አለ። አባባ ተስፋ ቆርጦ ሊሸጣት ሲነሳ፣ እማዬ ከጋቢናው ወርዳ በመኪናዋ ፊት ለፊት ጎንበስ አለች።

"አንቺ ደግሞ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?" አላት።

"ስለ ሞተር አላውቅም። ስለ እብቅ ግን አውቃለሁ።"

ራዲያተሩን በጣቷ ጫር ብታደርገው፣ የሩዝ እብቅ እንደ ግድግዳ ምርግ ተጠቅጥቆበታል። ለካ ሁልጊዜ የምንቆመው ነፋሱ የመፈልፈያውን እብቅ በሚያመጣበት በኩል ነበር።

"ትንፋሽ አጥሯት ነው እንጂ ምንም አልሆነች" አለች።

አባባ ከሞተሩ በኩል በጎማ ውኃ ለቀቀበት። በማግስቱ ይፋግ ደርሰን ስንመለስ አልፈላችም።

ከዚያ ወዲህ አባባ መኪና ከማቆሙ በፊት "ነፋሱ በየት ነው?" ብሎ ይጠይቃታል። ያኔ ስለ ዝናብ የሚጨነቅ ይመስለኝ ነበር። ይቅርታ እየጠየቃት መሆኑ የገባኝ እኔም ካገባሁ በኋላ ነው።

አሁንም ከጎኔ የተቀመጠው አባባ ወደ ኋላ ወንበር ዞሮ ጠየቃት። እማዬ እጇን በመስኮት አውጥታ የነፋሱን አቅጣጫ ለየችና "ወደዚያ ዛፍ ጠጋ በይ" አለችኝ። ዛሬም ይቅር ብላዋለች።