የእንግዶ በሶ ፍለጋ፦ ከሉማሜ እስከ ጮቄ ግርጌ

ሰኞ ማለዳ ከሉማሜ ተነሣሁ። መንገዱ ክፍት ነው የተባለበት ሰሞን ነበርና ዛሬ ነገ ሳልል ጋቢዬን ደርቤ፣ ባዶ ከረጢት ይዤ ወጣሁ። ጉዞዬ ለንግድም ለለቅሶም አይደለም። የአንዲት አሮጊት ቁርስ ፍለጋ ነው።

አሮጊቷ ታላቅ እኅቴ ናት። ስሟ ይታይሽ ነው፤ እኔ ግን እታለም ነው የምላት። እናታችን ስታርፍ እኔ የወተት ጥርሴን እንኳ አልነቀልኩም ነበር፤ አብልታ አጠጥታ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዘንድሮ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተስቦ ጣላት። በመርፌውም በኪኒኑም ዳነች፤ እህል ግን አፏ እምቢ አለ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ወደ ውጭ ጠርታኝ፣ "አባባ፣ በሽታው ወጥቷል። አሁን እኔን የሚያስፈራኝ አለመብላታቸው ነው። በዚሁ ከቀጠሉ አይነሡም" አለችኝ።

ፍትፍት ሞከርን፤ እንቁላል ሞከርን፤ ሾርባ ሞከርን። አንድ ጉርሻ ትቀበልና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። በመጨረሻ ራሷ ተናገረች። "እናቴ ቤት ጧት ጧት የምንበላው በሶ ቢገኝ እቀምስ ነበር።" እኛም ደስ ብሎን ከገበያ በሶ ገዝተን በጠበጥንላት። በምላሷ ጫፍ ነካ አድርጋ መለሰችው።

"ይኼ የገብስ ነው። የኛ የእንግዶ ነበር። አንተ ልጅ፣ ምላስህም አረጀ?"

እንግዶን ለማያውቅ፦ ገብስ የሚመስል፣ ግን ቀጠን ያለ የደጋ እህል ነው። መሬቱ የደከመበት ገበሬ ነው አብዝቶ የሚዘራው። የልጄ ሚስት ስሙን ስትሰማ፣ "እሱ የፈረስ ቀለብ አይደል እንዴ?" አለች። አልፈረድኩባትም፤ ሉማሜ የጤፍና የስንዴ አገር ነው። እኔና እታለም ግን ከጮቄ ግርጌ ወርደን እዚህ የገባን ሰዎች ነን። እንግዶ ያለው እዚያ ነው።

ከማርቆስ ሽቅብ

እስከ ደብረ ማርቆስ አስፋልት ስለሆነ ብዙም የምናገረው የለኝም፤ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ በቦንቦሊኖ ቀማምሼ ወደ ረቡዕ ገበያ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ከዚህ በኋላ መንገዱ ጠጠር ነው። ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ኋላ ደግሞ ሊታጨድ የደረሰ ገብስ ተንጣሏል።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጎልማሳ ሴት ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ያን ጊዜ ሚኒባሱ በሙሉ ቁርስ ቁርስ አለ።

"እኛ ቤት ማለዳ አሹቅ ነበር" አለች ሴትዮዋ። "ባቄላው ሲነከር ያድራል፤ ጧት በጨው ተቀቅሎ በእፍኝ በእፍኝ ይታደለናል።"

"እናንተማ ሀብታሞች ነበራችኋ!" አለ ከኋላ አንድ ሰው። "እኛ የማታው እንጀራ ካደረ እሰየው። ካላደረ ደግሞ እናቴ ‘ፀሐይ ሙቁ’ ትለን ነበር።"

ሾፌሩ መሪውን እንደያዘ ዞር አለ። "የእንኩሮን ነገር ማን ያውቃል? ጠላ ሊጠመቅ እንኩሮው ሲታመስ፣ ትኩሱን በበርበሬ! ለሱ ስል ትምህርት ቤት አርፍጄ ተገርፌያለሁ።"

"አንተ ፊትህን ወደ መንገዱ!" አለች ሴትዮዋ።

ከሩቅ አገር መጥቶ ረቡዕ ገበያ የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር ደግሞ አባቶችስ ምን ይበሉ እንደነበር ጠየቀኝ። አባት ማለዳ ቤት ውስጥ አይበላም ነበር አልኩት። በሬዎቹን ጠምዶ ይወጣል፤ ጀምበር ከፍ ስትል እርሻው ላይ ይወሰድለታል። ስሙንም ቁርስ አንለውም ነበር፤ ‘የሚቀመስ ነገር’ ነበር የምንለው። መምህሩ የሱም አያት እንደዚያው ያደርጉ እንደነበር ነገረኝ።

ረቡዕ ገበያ ወርጄ እህል የምትሸጥ ሴት ጠየቅሁ። "እንግዶውማ ሞልቷል፤ ለጠላ ይወስዱታል። በሶውን ግን ማን ገበያ ያወጣዋል? ቤት ውስጥ ይበላል እንጂ" ብላ ሳቀችብኝ። ጥሬውን ገዝቼ እንዳልመለስ፣ ሉማሜ ፈትጎ ቆልቶ የሚያበጅልኝ የለም። ስለዚህ ዱላዬን ይዤ በእግሬ ሽቅብ ቀጠልኩ። አየሩ እየሳሳ፣ ትንፋሼ እያጠረ ሄደ። ከላይ ጮቄ ደመናውን ተከናንቧል። ዐሥር እርምጃ እሄድና አረፍ እላለሁ፤ ደግሞስ ማን ያስቸኩለኛል?

ሦስት ቁርስ በአንድ ጧት

ያረፍኩት የሟች አጎቴ የልጅ ልጅ በሆነው በአበጀ ቤት ነው። እሱም ሚስቱ የሻረግም እግሬን አጥበው፣ ከመደብ አስቀምጠው በደስታ ተቀበሉኝ። የመጣሁበትን ስናገር ግን የሻረግ አንገቷን ደፋች።

"እንግዶ እንኳ የለንም፣ አጎቴ።"

እንግዲህ እኔ ወደ ደጃፋቸው የገባሁት በቢጫ እንግዶ መካከል ነው! አጥሩ ድረስ ዘንበል ዘንበል ብሎ ልብሴን ሲነካኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከጓሮ ለራቴ የተያዘች ዶሮ ስትጮህ ሰማሁ።

ማክሰኞ ጧት እንቁላል በቅቤ፣ የስንዴ ዳቦ ከነማሩ ቀረበልኝ። "በሶውስ፣ ልጄ?" አልኳት።

"ኧረግ! ከሉማሜ ድረስ ለመጣ ሰው በሶ? ጎረቤት ምን ይለኛል?"

"ለኔ አይደለም። ለታመመች ሰው ነው።"

"ለታመመችማ ይብስ! ይኸው ነጭ ጤፍ አስይዝዎታለሁ። ይኸው ማር። ‘ለታማሚ እንግዶ ላከች’ ተብዬ ልሙት እንዴ?"

ጎረቤት ሄድኩ። እዚያም እንቁላል። ሦስተኛው ቤት ደግሞ አነባበሮ፣ ያውም ቅቤው በእጄ እስኪወርድ። ስለ በሶ ስጠይቅ ሁሉም እንደ ነውር ነገር ወሬ ይለውጡብኛል። ሦስት ቁርስ በልቼ ወጣሁ። ሆዴ ሞላ፤ ከረጢቴ ግን ባዶ ነው። እታለም እዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ እኔ እዚህ ቅቤ ስጠጣ! አበጀ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ብዙ አሰብኩ። እነዚህ ሰዎች አልነፈጉኝም፤ አክብረውኝ ነው። እንግዳ እስከሆንኩ ድረስ ጓዳቸው ያለውን አላየውም።

በዚያው ቀን አያ ምንይችል የሚባሉ ሽማግሌ መጥተው፣ የአበጀ እንግዶ ሐሙስ በደቦ እንደሚታጨድ ተነጋገሩ። እኔም ብድግ አልኩ።

"ለኔም ማጭድ ፈልጉልኝ።"

አበጀ ደነገጠ። "አጎቴ፣ ምን ሆነዋል?"

አያ ምንይችል ግን ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ "ተወው፤ ሰውየው የራበው ነገር አለ" አሉ።

ረቡዕ ጾም ስለሆነ ማለዳ የሚቀመስ የለም። ማጭዴን ስስል ዋልኩ።

አጨዳው

ሐሙስ ስንወጣ ሣሩ ላይ አመዳይ ነጥቷል። ጎንበስ እንዳልኩ ጎረምሶቹ ጀመሩኝ።

"አባባ፣ ማጭዱ እርስዎን እንዳያጭድ!"

"ግዴለም፣ ከሳቸው ኋላ የሚሄድ ሰው ቃርሚያ አያጣም!"

"ቃርሚያዬን ለሚስትህ ውሰድላት" አልኩት፤ "አንተ አጭደህ ከምታገባላት ይበልጣል።"

ሳቁ እስከ ገደሉ ተሰማ። ከዚያ በኋላ አልነኩኝም። እጄ ሥራውን አልረሳም፤ ጉልበቴ ነው የረሳው። ቢሆንም ነዶ እየያዝኩ፣ እየቆረጥኩ፣ እያስተኛሁ፣ ጀምበር ከተራራው ጫፍ እስክትወጣ ድረስ መስመሬን አልለቀቅሁም።

የሻረግ የተሸፈነ ገበቴ ይዛ መጣች። በሌላ እጇ ደግሞ ዳቦና ማር የያዘ ሳህን አለ።

"ያ ምንድን ነው?" አሉ አያ ምንይችል።

"የአጎቴ ነው።"

"ደቦ ላይ አጎት የለም። ያጨደ ሁሉ ከአንድ ገበቴ ነው የሚበላ። እንግዳ ማስተናገድ ካማረሽ ማታ ቤትሽ።"

የሻረግ እኔን አየችኝ፤ እሳቸውን አየች፤ ሳህኑን አስቀመጠች። ከዚያ ገበቴውን ገልጣ ተንበረከከች። ውስጡ አመድማ ዱቄት ነበር። ተቆልቶ የተወቀጠ ተልባ በውኃ በጥብጣ ጨው ጣል አደረገችበትና እያፈሰሰች ታሸው ጀመር። እያሸችው ጠቆረ፤ ወዝ አወጣ። በመዳፏ ጨበጥ እያደረገች አደለችን፤ ስለ ዕድሜዬ መጀመሪያ ለኔ ሰጠችኝ።

ወደ አፌ አደረግሁት። መጀመሪያ የቆሎው ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ተልባው ምላሴ ላይ ተንሸራተተ፤ መጨረሻ ላይ እንግዶው ራሱ፣ መረር ብሎ የሚጣፍጠው፣ ጉሮሮዬ ላይ ቆየ።

"እሱ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "እሱ ራሱ ነው!"

ጎረምሶቹ ማጭዳቸውን አንሥተው እንደ ሠርግ እልል አሉልኝ። የሻረግ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ይኼን ነው? ይኼን ብቻ ፈልገው ነው?" አለች።

"እኔና እታለም ያደግነው በዚህ ነው፣ ልጄ። ለምን ደበቅሽኝ?"

"የድሃ ቤት ብለው እንዳያዝኑ ነዋ!" ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብታ በሙቀጫ ፈተገች፣ ቆላች፣ በእጅ ወፍጮ ፈጨች። ወፍጮ ቤት ውሰጂው ብላት፣ "የሌላ ሰው ጥሬ ዱቄት ይቀላቀልበትና ጣዕሙ ይጠፋል" አለችኝ። ከረጢቴን እስከ አፉ ሞላችልኝ፤ ተልባውንም በጨርቅ ቋጠረች። ማሩን ግን እምቢ ብል አልሆነልኝም።

ቤት

ዓርብ ስመለስ ከረጢቱን ሚኒባስ ጣራ ላይ አላስጫንኩትም፤ እስከ ሉማሜ ጭኔ ላይ ነበር። ቤት ስገባ እታለም እንደተውኳት ተኝታለች፤ ጉንጯ የበለጠ ጎድጉዷል። የልጄ ሚስት ራሷን ነቀነቀችልኝ። ጾም ቢሆንም ተልባና በሶ ጾም አይሽርም አልኩና እጄን ታጥቤ ጎድጓዳ ሳህን አመጣሁ። በዕድሜዬ ሊጥ እንኳ አቡክቼ አላውቅም። ውኃው በዛብኝ፤ ዱቄት ጨመርኩ፤ ደረቀብኝ፤ እንደገና ውኃ ጨመርኩ።

ሽታው ሳይነካት አልቀረም፤ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች።

የመጀመሪያዋን ጭብጦ ከአፏ አደረግሁላት። ዓይኗን ጨፍና አላመጠችው፤ ዋጠችው። አፏን ከፈተች። ሁለተኛዋን ሰጠኋት። ሦስተኛዋን በገዛ እጇ አነሣች። ከዚያ ሳህኑን አየችና ፊቷን አጨማደደች።

"ማነው ይኼን ያሸው? ድንጋይ ድንጋይ ይላል። ደግፉኝ፤ ወዲህ በሉት።"

ደግፈን አስቀመጥናት። እግሯን ከአልጋው አወረደች፤ ሳህኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በዚያ በቀጠነ እጇ ታሸው ጀመር። በሶው ወዝ አወጣ። የመጀመሪያዋን ጨብጣ ወደኔ ዘረጋችልኝ።

"እንካ ብላ፤ ከስተሃል።"

ተቀብዬ በላሁ። የልጄ ሚስትም ፈራ ተባ እያለች እጇን ዘረጋች፤ ቀምሳም ዳግመኛ ዘረጋች።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው። ያለፈው ትውልድ ማለዳ ምን ይበላ እንደነበር ማወቅ የሚሻ ሰው እንግዳ ሆኖ አይሂድ፤ ሰው በደግነቱ እንቁላል ይጠብስለታል፤ ሌላ አያሳየውም። ጎንበስ ብሎ አብሮ ይሥራ፤ ገበቴው ያኔ ይገለጥለታል። ያ በሶ የድህነት ምልክት አይደለም። በሬ ጠምዶ ለዋለው፣ ተራራ ለወጣው፣ ልጅ ላሳደገችው ጉልበት የሆነ ነው፤ የኔንም እኅት ከአልጋ አስነሥቷል።

አሁን እታለም ማለዳ ማለዳ በረንዳው ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። የዱቄቱ ከረጢት እየጎደለ ስለሆነ፣ ጥሬ እንግዶ አስመጥተን ሙቀጫ ካልገዛንላት ሰላም አልሰጠችንም።