እስከ እኩለ ቀን የተጠበቀችው ባቡር

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ዱርንፎንቴን

ከሰል ወደሚወጣባት ዊትባንክ የሄድነው አንዲት አሮጌ ባቡር ከመቆራረጧ በፊት ልናስጥላት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ራሱ ደስ ይለኛል። ጓደኞቼ የትምህርት ቤት ዕረፍታቸውን ከሞል ሞል ሲዞሩበት እኔ ትልቅ ጉዳይ ይዤ ነበር የተነሣሁት። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የእንግሊዝኛ መምህሬ ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበበች ወዲህ ያየሁትን ሁሉ ካልጻፍኩ ያየሁት አይመስለኝም።

ጉዳዩ የጋሽ ዘሪሁን ነው። እኛ ሕንፃ ላይ አምስተኛ ፎቅ የሚኖሩ የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው የባቡር ጋራዥ መካኒክ ነበሩ። ልጃቸው ጀፕ ጎዳና ላይ ሱቅ አለው። እሳቸው ግን ሱቅ መቀመጥ አይሆንላቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ ባቡር የሚጠግኑ ጡረተኞች ማኅበር ዘንድ ይሄዱና ልብሳቸውን ግሪስ በግሪስ አድርገው ይመለሳሉ።

ማኅበሩ ከአንድ የተዘጋ የኮክ ፋብሪካ አንዲት ትንሽ የእንፋሎት ባቡር መውሰድ ፈልጓል። ኮክ ማለት ለብረት ማቅለጫ እንዲሆን በታፈነ ምድጃ የበሰለ የድንጋይ ከሰል ነው፤ ባቡሯ እሱን ስትጎትት ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው። ግቢው ግን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ተሸጧል። ነጋዴው እንዲህ ብሏል፦ ረቡዕ እስከ እኩለ ቀን አንድ ባለሙያ መጥቶ በራሷ ጎማ ትንቀሳቀሳለች ካለ ለማኅበሩ ይተዋታል፤ ካልሆነ ሠራተኞቹ መቁረጥ ይጀምራሉ። የማኅበሩ ባለሙያ ሆስፒታል ተኝቷል። የቀሩት ጋሽ ዘሪሁን ናቸው። አባዬ ዕቃ በሚያመላልስበት ባኪ፣ በፒካፕ መኪናው፣ ሊወስዳቸው ተስማማ። ጋሽ ፈረንሳይኛ እንጂ እንግሊዝኛ እምብዛም ስለማይችሉ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ።

“ጸሐፊዋ፣ ቀበቶሽን እሰሪ” አሉኝ፣ የመፍቻ ፌስታላቸውን እግራቸው ሥር እያመቻቹ።

“ጋሽ፣ ባቡሯ እንደምትንቀሳቀስ በምን ያውቃሉ?”

“አላውቅም። ባውቅማ በዚህ ብርድ ከአባትሽ ጋር ምን አንቀዠቀዠኝ?”

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ዴልማስ

መንገድ ዳር ያለች ሴትዮ ማግዊኛ ትጠብሳለች። ስኳር ያልነካው ቦምቦሊኖ ማለት ነው፤ አንዱ ሦስት ራንድ። ረቡዕ ስለሆነ ጋሽ ዘሪሁን ወተት እንዳለበት አስጠየቁኝ። ሴትዮዋ ሳቀች። “ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ ነው ባባ። ወተቱን ከየት አመጣዋለሁ?” ስድስት ገዛን። ጋሽ ብቻቸውን ሦስቱን በሉ።

ከዚያ ወዲያ አገሩ ሌላ ነው። ሣሩ በውርጭ ቡናማ ሆኗል፤ ቦታ ቦታ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ከሰል የጫኑ መኪኖች ተከታትለው ሲያልፉ መስታወታችን ላይ ጥቁር አቧራ ይተዋሉ። በሩቅ የኃይል ማመንጫው ወፋፍራም ማማዎች እንፋሎት ይተፋሉ። ደስ ብሎኝ ሁሉንም ጻፍኩ። ጋሽ መስኮቱን ከፈት አድርገው አሸተቱ። “ይኼ ሽታ ጋራዥ ያስገባኛል” አሉ። ተለማማጅ ሳሉ አለቃቸው አንዲት የቆመች የእንፋሎት ባቡር ሦስት ጊዜ አስፈትቶ ሦስት ጊዜ አስገጥሟቸዋል።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ የታምሩ ስፓዛ

ዊትባንክ ልንገባ ስንል የአባዬ ስልክ ጮኸ። ታምሩ የሚባል የሆሳዕና ልጅ ከከተማው ዳር ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ ሱቅ አለችው፤ ዕቃ ከአባዬ ነው የሚወስደው። አባቱ አገር ቤት ዐርፈው ማለዳ መርዶ ተነግሮታል።

አባዬ ወደ ጋሽ ዞረ። “በሩ ላይ ነው የምናልፈው።”

“ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ? ቁም እንጂ። ሩብ ሰዓት ተቀምጠን እንሄዳለን። ባቡሯ እንደሆነች ብረት ናት፤ የት ትሄዳለች?”

ሱቁ ተዘግቷል። ከኋላ ባለችው ክፍል ወንዶች ብርድ ልብስ ተከናንበው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ በዝግታ ይዘምራሉ። ታምሩ ጋሽ ዘሪሁንን ሲያይ ተነሥቶ አንገታቸው ላይ ወደቀ። አባቱን ካየ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በያዘው የጥገኝነት ወረቀት ከወጣ መመለስ ስለማይችል ለቀብርም አይሄድም።

ሩብ ሰዓቱ አለፈ። ጋሽ ከሁሉም በዕድሜ ስለሚበልጡ ሊነሡ ሲሉ “አባታችን፣ አጽናኑንና ይሂዱ” ተባሉ። ተናገሩ፤ ጸሎት ተከተለ፤ ምግብ መጣ። ሰው እህል አቅርቦ አይኬድ ነገር። ታምሩ ደግሞ እጃቸውን ይዞ አልለቅም አለ።

አምስት ሰዓት ላይ ጋሽ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው “ለግቢው ሰውዬ ደውዪለት። መንገድ ላይ ነን፣ ትንሽ ታገሠን በዪው” አሉኝ። የሰውዬው፣ የቆራጮቹ አለቃ የሲፖ፣ ቁጥር እኔ ጋ ነበር።

ወጣሁ። ለመደወል ስልኩን አንሥቼ መጻፍ አማረኝ። ስናገር የምንተባተብበት ነገር በጽሑፍ እንዴት እንደሚያምር አውቀዋለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ እሳት በሆዷ ይዛ ስለሠራች ባቡር፣ ስለ አንድ ሽማግሌ፣ ስለ ሐዘን ቤት ረጅም የዋትሳፕ መልእክት ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ አስተካከልኩትና ላክሁ። አንድ ምልክት ብቻ ታየ፤ መልእክቱ ከእኔ ወጥቷል፣ እሱ ዘንድ ግን አልደረሰም ማለት ነው። ይደርሳል ብዬ ገባሁ። ጋሽ በዓይናቸው ሲጠይቁኝ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ሰባት ሰዓት፣ ፋብሪካው

ምድጃዎቹ እንደ ረጅም የጡብ ግንብ ተደርድረዋል፤ በራቸው ወልቋል፤ ሣር በቅሎባቸዋል። ባቡሯን ከማየቴ በፊት ሰማያዊ ብልጭታውን አየሁ። የጋዝ ችቦ ነበር።

ጢስ ማውጫዋ መሬት ላይ ተጋድሟል። ውሃ የሚፈላበት የቦይለሯ ፊት ተከፍቶ፣ እንፋሎቱ የሚገፋባቸው ሲሊንደሮቿ ተቆርጠው፣ ጎማዎቿን የሚያሽከረክሩት ዘንጎች ሁለት ቦታ ተበጥሰዋል። ጋሽ ከባኪው ወርደው መፍቻቸውን እንደያዙ ቆሙ።

ሲፖ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። “ሳውቦና ማዳላ” አላቸው፤ ሰላም ሽማግሌው ማለት ነው። ወደ እኔ ዞሮ “እስከ እኩለ ቀን ነው የተባልኩት፤ ሃያ ደቂቃ ጨምሬ ጠብቄያለሁ” አለ።

“መልእክት ልኬልህ ነበር።”

“በዋትሳፕ?”

“አዎ።”

“ዳታ የለኝም ሲሲ” አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው። “ለምን አልደወልሽም? ስልኬን በእጄ ይዤ ነው የተቀመጥኩት።”

ይህን አላስተረጎምኩም። ዋትሳፕ የምትለዋን ቃል ግን ማን ያጣታል? አባዬ አየኝ። ጋሽ አላዩኝም።

ካርቶን አነጠፉና ጎማዎቹ ሥር ገቡ። አንዱን የአክስል ሳጥን፣ የጎማው ዘንግ ቅባት ያለበትን፣ ከፍተው ጣታቸውን ከተቱ። “ቅባቱ ንጹሕ ነው” አሉ ከሥር። “የመጨረሻ ቀን የነዳት ሰው ነገ እመለሳለሁ ብሎ ነው የቀባት።” ከዚያ ወጥተው ሲፖን በእጅ ምልክት ረጅም የብረት ዘንግ ጠየቁት። ሲፖ ሁለት ሰው ጠራ። አባዬም ኮቱን አወለቀ። ጋሽ ብረቱን የት እንደሚሰኩት አሳዩና “አንድ፣ ሁለት” አሉ።

ጎማው ሩብ ዙር ያህል ዞረ። ዝገቱ ከሐዲዱ ላይ እየተላጠ ወደቀ። ከባቡሯ የተረፈው ሁሉ አንድ ክንድ ያህል ሄዶ ቆመ።

“ንገሪው” አሉኝ ጋሽ። “ትሄድ ነበር በዪው።”

ነገርኩት። ሲፖ ጓንቱን አውልቆ “ሶሪ ማዳላ” አለ።

“አንተ ሥራህን ነው የሠራኸው” አሉት በአማርኛ፤ ሳላስተረጉምለት ገባው። ለማኅበሩ ሊቀመንበር ደወልኩ፤ አሁን ደወልኩ። ሲሊንደሮቹ ከተቆረጡ እንደማይሆን ነገረኝ። እናንተም ደከማችሁ፣ አመሰግናለሁ አለ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቤት

ስንመለስ ዴልማስ ላይ እኔ ጀመርኩ። ለመደወል ፈርቼ ሳይሆን አጻጻፌ አምሮኝ እንደሆነ፣ ራሴንም ስነቀንቅ መዋሸቴን ነገርኳቸው። ለቅሶው ላይ ባንቆም ኖሮ ብዬ ልጨምር ስል ጋሽ አቋረጡኝ።

“ለቅሶውን እንዳትነኪ። ነገም ቢሆን እቆማለሁ። አንቺ ግን መደወል ነበረብሽ።”

“አዎ ጋሽ።”

“በቃ።”

ማጽናኛ ቢጤ እየጠበቅኩ ነበር፤ አልመጣም። አሁን ሳስበው ያልመጣው መምጣት ስላልነበረበት ነው። ቃል ማሳመር ደስ እንደሚል አሁንም አልክድም። ዛሬ ግን የሚያስፈልገው “ጠብቁን” የሚል አንድ ቃል፣ እሱም በድምፅ ነበር።

የሕንፃው ሊፍት አይሠራም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጋሽ ለማረፍ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ማኅበሩ ሌላ የተዘጋ ማዕድን ግቢ ውስጥ አንዲት ባቡር እንዳለች ሰምቷል፤ ዘንጎቿን ፈትቶ ለጉዞ የሚያዘጋጃት ሰው ግን ከሆስፒታሉ ሰውዬና ከእሳቸው በቀር የለም።

“እኔ ጉልበቴን ታይዋለሽ” አሉ። “ወረቀት አውጪ። እኔ አፈታቱን እነግርሻለሁ፣ አንቺ ለማኅበሩ ሰዎች በእንግሊዝኛ ጻፊላቸው። ማሳመር የለም። ቀድሞ የሚሠራው ይቅደም።”

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አባዬ ፌስታሉን ይዞ ቀደመን። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ ምንም ከመንካትህ በፊት ከሁሉም ጎማ ፊትና ኋላ እንጨት አድርግ።