ሰባት ቁጥር

የበደለችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ባሌ በሞተ በዘጠነኛው ቀን፣ ከሚሌኒየሙ በኋላ ባለው ዓመት፣ መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ። ሌላ ሰው አላማም።

ልጄን ኡራኤል አካባቢ መኪና ገጭቷት ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ከአልጋ ንቅንቅ እንዳትል ታዝዛለች። በዚህ መሃል አባቷ በድንገት ሞተ። ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ መርዶው ይቆያት አለ፤ ድና ቤቷ ስትገባ፣ የነፍስ አባቷና ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ንጋት ላይ በወጉ ይነገራታል። እስከዚያ «አባትሽ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል» እያልኩ የምዋሸው እኔ ሆንኩ። ካዛንቺስ ካለው ቤታችን ጥቁሬን ለብሼ እወጣለሁ፤ ሆስፒታሉ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አረንጓዴ ቀሚስ እቀይራለሁ፤ የተላጨ ራሴን በሻሽ ሸፍኜ እሷ ወዳለችበት ክፍል እገባለሁ።

ልጄ ቀኑን የምትገፋው አጎቷ ከውጭ በላከላት፣ በእጅ በምትያዝ የጌም ማጫወቻ ነበር። ጌሙ ሲሰለቻት ፊልም ታይባታለች። ፊልሞቹን የማዘጋጅላት እኔ ነበርኩ። ማሽኗ የፊልም ስም ቢጻፍላት አታነብም። እያንዳንዱ ፋይል ከፊቱ አንድ ዓይነት የፈረንጅ ፊደል፣ ከኋላው አምስት አሃዝ ካልተሰጠው ካርዱ ላይ ተቀምጦም እንደሌለ ነው። ይህን ያሳየኝ ሰፈራችን ያለው፣ የቪዲዮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ባለሱቅ ነው። ቁጥር መስጠቱን ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ትንሽ ደብተር ገዝቼ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊልም እንደሆነ በእጄ ጻፍኩላት። አንድ፣ ቀልድ። ሁለት፣ የሕንድ ፊልም። ሰባት፣ የወንድሜ ልጅ ሰርግ። ደብተሩን ትራሷ ሥር ታኖረው ነበር። አዘውትራ የምትከፍተው ሰባትን ነው፤ አባቷ ከረባቱን ግንባሩ ላይ አስሮ የሚጨፍረው እዚያ ላይ ነው።

«ሰባትን ልይና ልተኛ። ስልክ እንኳ አይደውልም እኮ ይሄ ሰውዬ!» ትለኛለች።

«ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም አሉ» እላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ማሽኗን ቻርጅ ላደርግ ወደ ቤት አመጣኋትና ቡፌው ላይ አስቀመጥኳት። የዚያን ቀን የሆነውን ያወጋኝ ከሁለት ወር በኋላ ባለሱቁ ነው። የባሌ ቀብር ውጭ ላለው ወንድሙ ሲባል ተቀርጾ ነበር። እህቴ ይህን ቪዲዮ ቂርቆስ አልጋ ላይ ለዋለችው አክስታችን ማሳየት ፈለገች። አክስቴ ሰፈር መብራት የለም፤ ማሽኗ ደግሞ በባትሪ ትሠራለች። ሳትጠይቀኝ ወሰደቻት።

«ካርዱ ሞልቷል እኮ እትዬ፤ አንዱ ካልወጣ አይገባም» አላት ባለሱቁ።

«ሰርጉን አውጣው። ካሴቱ ቤት አለ።»

«ቁጥሩንስ ምን ልበለው?»

«በቃ እሱኑ ስጠዋ! ስመለስ ታስተካክለዋለህ።»

ስትመለስ መብራት ሄዶ ሱቁ ተዘግቷል። ማሽኗን ቡፌው ላይ እንደነበረች አስቀመጠች። ማታ ከለቀስተኛው ጋር ስትወጣ በሩ ላይ ጉንጬን ሳመችኝና «ልጅቷን ሳሚልኝ» አለችኝ። ሌላ አንድ ቃል አልተናገረችም።

እሑድ ጠዋት ማሽኗን ለልጄ ሰጠኋት። ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አደረገች። እኔ ብርቱካን እልጥ ነበር።

«እማ፣ ይሄ የኛ በር ነው» አለች።

የሰርጉን መስሎኝ «አዎ፣ ሙሽሮቹ ሲመጡ ነው» አልኳት።

 ከዚያ ቀና ብላ አረንጓዴውን ቀሚሴን አየች፤ ተመልሳ ማሽኗን አየች።

«እማ፣ እዚህ ላይ ጥቁር ለብሰሻል።»

ብርቱካኑን አስቀምጬ እስክነሳ እሷ ከአልጋው ለመውረድ ሞከረች። የተሠራው ዳሌዋ ተመልሶ ተሰበረ። ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ዛሬም እያነከሰች ነው የምትሄደው። ስትነቃ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ለምን እንደዚህ አድርገሽ ነገርሽኝ?»

እኔ አይደለሁም አልኳት። ደብተሩን ከትራሷ ሥር አውጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ጣለችው።

በአርባው ተዝካር ላይ ዘመድ በተሰበሰበበት ጉዳዩ ተነሳ። እህቴ ነጠላዋን አስተካክላ «እኔ ማሽን መንካት የት አውቄ! ቁጥር ቁጥር ስትል የኖረችው እሷ ናት። መዝገብ ቤቷን ሆስፒታል ድረስ ይዛ ሄደች፤ ተዘበራረቀባታ!» አለች። አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ። ልጄ በክራንች ተደግፋ በሩ አጠገብ ቆማ ትሰማ ነበር።

ባለሱቁ እውነቱን ሲነግረኝ ልጄን ሱቁ ድረስ ልውሰድሽና ከአፉ ስሚ ብዬ ለመንኳት። «ተይው እማ» አለችኝ። «ደብተሩ ላይ ያለው ያንቺ እጅ ጽሑፍ ነው።» በዓመቱ ቤት ተከራይታ ወጣች። ለበዓል ትመጣለች፤ ምግብ ትቀምሳለች፤ ትሄዳለች። የምነግራትን ነገር ሁሉ ሌላ ሰው ጠይቃ ካላረጋገጠች አታምንም።

ሽማግሌ ተልኮብኝ ከእህቴ ጋር ታረቂ ተባልኩ። ጥፋቷን በልጄ ፊት ትናገር አልኩ። አልመጣችም።

ከስድስት ዓመት በኋላ የእህቴ ባል ሥራ በሄደበት ከተማ ሞተ። ወንድሜ እኩለ ቀን ላይ ደወለልኝ። «እስካሁን አልሰማችም። ነገ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹን ይዘን ሄደን እናረዳታለን። አንቺም ኡራኤል ጋ ጠብቂን» አለኝ።

«እሺ» አልኩት።

ከዚያ ለእህቴ ደወልኩላት። ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበረች፤ የረዳቶቹ ጩኸት ይሰማኛል።

«ወዬ? ምነው፣ በሰላም ነው? አንቺ ደግሞ መደወል ታውቂያለሽ!» አለችኝ።

«ባልሽ ሞቷል» አልኳት።

ስልኩን ዘጋሁት። በማግስቱ ከሽማግሌዎቹ ጋር አልሄድኩም።