ሐጂ ያመጡልን ዳብ

እንደ ማንም ሰው ብዙ ዋሽቻለሁ። አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። አንዱ ግን እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላኛል፤ እሱም ስለ አንድ እንሽላሊት የዋሸሁት ነው።

የሰባ ሰባቱ ረሃብ ከመተማ ቆላ አንስቶ ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ወዲያ ኡም ጋርጉር መጠለያ ጣለን። እናታችን መንገድ ላይ ቀረች። እኔ አሥራ ሰባት፣ እህቴ ስድስት ዓመታችን ነበር። እህቴ ከደረስን በኋላ ምግብ እምቢ አለች። ጉርሻውን አፏ ውስጥ ይዛ ትቀመጣለች እንጂ አትውጥም።

ከመጠለያው ጫፍ፣ በሰሌን ድንኳን ከሚስታቸው ጋር የሚኖሩ አንድ አረብ ሽማግሌ ነበሩ። ሐጂ እንላቸዋለን። ድርቁ ፍየሎቻቸውን ጨርሶ አንዲት ብቻ አስቀርቶላቸው ነበር። የሷን ወተት ጠዋት ጠዋት በጣሳ ለእህቴ ያመጡላታል፤ የምትውጠው እሱን ብቻ ነበር። እኛ ስደተኞች በመሆናችን ማሽላና ምስር ይሰፈርልናል። እሳቸው ባገራቸው ስለሆኑ የሚሰፍርላቸው አልነበረም። ይህን ያኔም አውቅ ነበር።

ፍየሏም ሞተች። ከጥቂት ቀን በኋላ ሐጂ ክንድ የሚያህል እንሽላሊት በገመድ አስረው መጡና ወደ እህቴ እያመለከቱ «ለሷ ነው» አሉ። እኔ «አርጃኖ!» ብዬ ጮኼ ወደ ኋላ ሸሸሁ። እህቴ ግን እጇን ዘርግታ ጀርባውን ነካችውና ሳቀች። እናታችን ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ሳያት ያ የመጀመሪያው ነው።

እኛ ቆላ የምናውቀው አርጃኖ የእንቁላል ሌባ ነው። በዚያ ዘመን እንቁላል ከየት ይምጣ? ፌንጣ ይዤ ሰጠሁት፤ ዞር ብሎም አላየው። ውሃ አቀረብኩለት፤ አልነካውም። ፀሐዩ እንዳይጎዳው ብዬ በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ጥላ ሥር ባስቀምጠው ቆዳው ጠቁሮ ድርቅ ብሎ ዋለ። ሊሞት ነው ብዬ ፈራሁና በገበያው ውስጥ ሱቅ ላላቸው፣ ከጎንደር ለመጡ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ወስጄ አሳየኋቸው። ገና ጭራውን ሲያዩ ሳቁብኝ።

«የምን አርጃኖ ነው አንቺ! የአርጃኖ ጭራ እንደ አለንጋ ነው። ይሄ እሾሃም ነው፣ አታዪም እንዴ? ዳብ ይባላል። ቅጠልና አበባ፣ ካለሽም ምስር ስጪው። ውሃ ምኑም አይደል። ፀሐይ ካልሞቀ ግን አይበላም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማን ሰጠሽ? ሐጂ? እንግዲያ እንድትበሉት ነው። ሥጋው ለደከመ ሰው ጥሩ ነው ይላሉ።»

እኛ ክርስቲያኖች እንሽላሊት አንበላም። ስለዚህ ያን ቀን ወስጄ ልመልስላቸው ይገባ ነበር፤ ድንኳናቸው ውስጥ የሚበላ እንዳልነበረ አውቃለሁና። ነገር ግን ፀሐይ ላይ ባወጣነው ጊዜ ቆዳው ቢጫ እየሆነ መጣ፣ ተነቃቃ፣ ምስርም መልቀም ጀመረ። እህቴ አጠገቡ ተቀምጣ አንድ ፍሬ ለሱ፣ አንድ ፍሬ ለራሷ ትላለች። ዋጠች! እንዴት ብዬ ልንጠቃት?

አንድ ቀን ውሃ መቅጃው ዘንድ ሐጂን አገኘኋቸው። «ዳቡስ? ልጅቱ በላች?» አሉኝ።

«በላች፣ ኩዊስ፣ በጣም ጥሩ! ጠገበች፤ እግዜር ይስጥልን» አልኳቸው።

ቅር እንዳይላቸው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱ ግን መልሺ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ፊታቸው በደስታ ሲበራ አሁንም ይታየኛል። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ደጋግመው።

በሦስተኛው ቀን ቤታችን መጡ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ጥፍሮቻቸው ከቁፋሮ ብዛት ደምተዋል። በገመድ ሌላ ዳብ አንጠልጥለዋል። ልጅቱ ከወደደችው ብለው ሁለት ቀን ሙሉ ከድንጋያማው ኮረብታ ጉድጓድ ሲምሱ ከርመዋል። ውሃ በጣሳ ቀድቼ ልሰጣቸው ስል እህቴ የመጀመሪያውን ታቅፋ ከጎጆው ጀርባ ብቅ አለች። ሰብቷል። አፉ ዳር የምስር ክክ ተጣብቆበታል።

ሐጂ እሱን አዩ፣ ምስሩን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አልተቆጡም። «ማዕሌሽ» አሉ፣ ግድ የለም ማለታቸው ነው። ሁለተኛውን ዳብ ከእህቴ እግር ሥር አኑረው ራሷን ዳበስ አደረጉና ሄዱ። ውሃውን አልጠጡም። ቤት ውስጥ አንድ ቁና ምስር ነበረን፤ ሮጬ ብሰጣቸው ምን ነበረበት? እፍረት እግሬን አሰረው፤ ጣሳውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ ምስሩንና ሁለተኛውን ዳብ ይዤ ሄድኩ። ድንኳኑ ተነቅሏል። ሦስት ጉልቻና ጥቂት አመድ ብቻ ነበር የቀረው። የሚበላ ፍለጋ ወደ ወንዝ ዳር ሄዱ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

እህቴ ዛሬ የልጆች እናት ናት። «በረሃቡ ጊዜ አንድ ደግ ሽማግሌ መጫወቻ ዳብ አመጡልኝ፤ ብቻውን እንዳይከፋው ደግሞ ጓደኛ ጨመሩለት» ብላ ትነግራቸዋለች። ልጆቹ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። አንድ ቀን እውነቱን እነግራታለሁ እያልኩ ይኸው ሸበትኩ።