በትክል ድንጋይ ቁልቁለት የሸተተኝ

የወደቅሁት ከምነዳው ሚኒባስ አናት ላይ ነው። ከጎንደር አይከል ሕዝብ የምጭንበት መኪና ነበር፤ ባለቤቱ ሌላ ሰው ቢሆንም እኔ የራሴ ነበር የምለው። ፖርቶመጋላው ላይ ወጥቼ የመንገደኛ ጆንያ ሳስር የምስበው ገመድ ተበጠሰና ቁልቁል ሄድኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የሆስፒታል ጣሪያ ነው። ቁስሉ ሲሽር ድኛለሁ ብዬ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ምሳ እየበላሁ ሳለ ጥሎኝ አንቀጠቀጠኝ። ሐኪሙ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ጠባሳ ያመጣው ነው አለ። ጎረቤት ደግሞ የራሱን አለ፤ እሱን እዚህ አልደግመውም።

እኛ ዘንድ የሚጥል በሽታ የያዘው ሰው ሲንቀጠቀጥ ክብሪት ጭሮ ማስሸተት የታወቀ ነው። ሐኪሙ "ምንም አይጠቅመውም፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ጠብቁት" እያለ ቢለፋም የሰማው የለም። ሚስቴ በቦርሳዋ ክብሪት መያዝ ጀመረች። አባቴ ቄስ ናቸውና ከኪሳቸው ክብሪት አይጠፋም፤ ስጠይቃቸው ለጧፍ ማብሪያ ነው ይላሉ። ይሁን እንጂ ገና ሳዛጋ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሲሄድ አያለሁ። በገዛ ቤቴ ማዛጋት ተከለከልኩ።

የእኔ ሕመም ክፋቱ ደግሞ ሊጥለኝ ሲል አስቀድሞ የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል። የሚነድ ነገር በሌለበት ነው የሚሸተኝ። አንድ ሁለቴ እስክተነፍስ ጊዜ ይሰጠኛል፤ ከዚያ እኔ የለሁም። ስለዚህ ወጥ ባረረ ቁጥር ግድግዳ ይዤ መሬት እቀመጥ ነበር። ሚስቴ መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ በኋላ ወጥ ማሳረር ተወች።

ኪኒኔን ሳላጓድል እየዋጥኩ ከዓመት በላይ ሳይጥለኝ ቆየ። ሐኪሙም የግል መኪና መንዳት ትችላለህ አለኝ። "ሕዝብ መጫንስ?" ስለው "እሱን ቆይተን እናየዋለን" አለ። "ቆይተን" የምትለዋን ቃል ጆሮዬ አላስገባትም። ባለ መኪናው ቁልፉን ሊመልስልኝ ተስማምቷል፤ እኔም ላገኘሁት ሁሉ ድኛለሁ ብዬ አውርቻለሁ። ለብቻዬ ስሆን ግን እፈራ ነበር። ስለዚህ ለራሴ ፈተና አበጀሁ። የወንድሜን መኪና ተውሼ ሚስቴንና አባቴን ለዘመድ ክርስትና ትክል ድንጋይ ከተማ አደርሳለሁ፤ በሰላም ከገባሁ በሳምንቱ ወደ አይከል መስመር እመለሳለሁ።

ከከተማ እስክንወጣ መሪውን እንደ ጀማሪ በሁለት እጄ ጨምድጄ ነበር። ፍሪሲዮን ስረግጥ ግራ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ጉልበቴ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ደግሞ ጀመረኝ ወይ እላለሁ። የቀደመን አይሱዙ ጭሱን ሲለቅብን መስኮቱን ዘጋሁ። የዘጋሁት የትኛው ሽታ የውጭ፣ የትኛው የራሴ እንደሆነ እንዲለይልኝ ነው። ሚስቴ ከጎኔ ተቀምጣ መንገዱን አታይም፤ የምታየው ፊቴን ነው። "ምነው፣ ፊቴ ላይ ካርታ አለ እንዴ?" አልኳት። አልሳቀችም።

ቁልቁለቱ መሃል፣ በግራችን ገደሉ አፉን ከፍቶ ሳለ፣ ሸተተኝ።

የተቃጠለ ነገር ነው፤ ስለታም፣ አፍንጫ የሚሰረስር። ገደሉን አየሁ፤ ሚስቴን አየሁ፤ ልገድላቸው ነው አልኩ። ፍሬኑን ይዤ መኪናውን ወደ ተራራው ጥግ ወሰድኩት፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ሞተሩን አጠፋሁ። ቁልፉን ነቅዬ ሚስቴ ጭን ላይ ጣልኩና ዓይኔን ጨፍኜ መውደቄን ጠበቅሁ።

አልወደቅሁም። ዓይኔን ስገልጥ ሽታው አሁንም አለ። ዞር ስል አባቴ ከኋላ ወንበር ጎንበስ ብለው፣ የሚጨስ የክብሪት እንጨት በማጅራቴ በኩል ወደ አፍንጫዬ ዘርግተዋል።

"አባባ! ምን እየሠሩ ነው?"

"በመስታወቱ ስታዛጋ አየሁህ" አሉ። "ሳይዝህ ልቅደመው ብዬ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?"

"በቅጠል ነው የተባለው፤ በክብሪት አልተባለም!"

ጮህኩባቸው። አባቴ "እግዚኦ መሐረነ" ብለው እንጨቱን በመስኮት ጣሉት። ቀጥሎ ሚስቴ በሳቅ ፈነዳች፤ እኔም ተከተልኳት። ስስቅ ግን ጥርሶቼ ይጋጩ ነበር።

ቆመን ሲያየን ዶሮ ያንጠለጠለ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቀረበ።

"ምነው ልጄ፣ ማኪናይቱ እንቢ አለች?"

"ደህና ናት፣ አያ።"

"እንግዲያ ገበያ ድረስ ብትወስዱኝ።"

ሚስቴ ግቡ ልትል አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። ለምን እንደተናገርኩት አላውቅም፤ ለማያውቀኝ ሰው ነግሬ አላውቅም ነበር።

"አያ፣ ጭንቅላቴን ተመትቼ የሚጥል በሽታ አለብኝ። ዓመት አልፎኛል ሳይጥለኝ፤ መድኃኒቴንም ውጫለሁ። ይህን አውቀው ይግቡ።"

ሽማግሌው የያዘውን የበር እጀታ ለቀቀ። ፊቴን፣ ገደሉን፣ እንደገና ፊቴን አየ።

"እግዜር ይማርህ። መንገርህ ሸጋ ነው" አለ። "እኔስ በእግሬ ይሻለኛል።"

ዶሮውን ወደ ሌላው እጁ አዛውሮ ቁልቁለቱን ተያያዘው።

ሚስቴ ተናደደች። "ምን ዓይነት ሰው ነው!" አለች። እኔ ግን አልተናደድኩም። እያየሁት የማስበው የአይከል መንገደኞቼን ነበር፤ ልጅ ያዘለችውን፣ ገና ሳልነሳ እንቅልፍ የሚጥለውን፣ ማን እንደሚነዳው ቀና ብሎ የማያየውን። ሚኒባሱ በር ላይ ቆሜ ለእያንዳንዱ ይህንኑ ብናገር ማን ይሳፈራል? ዝም ካልኩ ደግሞ "በእግሬ ይሻለኛል" የሚሉት መቼ ነው?

"መስመር አልመለስም" አልኩ።

"ተመስገን" አለች ሚስቴ።

ቃሉ አምልጧት ነው። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ከታመምኩ ጀምሮ በርታ፣ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ እያለች ያበረታታችኝ እሷ ናት። ዞሬ አባቴን አየሁ፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ወደ ጉልበታቸው ሰበሩ። ለካ ሁለቱም ይህን ቃል ከአፌ ሲጠብቁ ነው የኖሩት። ከሕመሙ ይልቅ ይህ አመመኝ።

"መውረድ የሚፈልግ ካለ ይውረድ፤ አልቀየምም" አልኳቸው።

ሚስቴ ቁልፉን ከጭኗ አንስታ በእጄ አስያዘችኝ። የወረደ የለም።