ሰማያዊው እጅጌ

በዚያች የጳጉሜ ቀን ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ሲያወርደው አረፈደና ልክ ቀብር ሲደርስ አባራ። ታቦር ተራራ ላይ ደመናው ተገለጠ፤ ፀሐይ ወጥታ እርጥቡን መሬት ሁሉ አብለጨለጨችው። ሙሉጌጥ ከለቀስተኛው መሀል ቆማ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጋረደች። እንዲህ ያለውን ብርሃን አትወደውም። ሌላው ሰው ሲያይበት እሷ ጭጋግ ውስጥ ትገባለች።

ሙሉጌጥ መናኸሪያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ናት። በሰፈሩ ሞት ሲደርስ ለጥቁር ልብስ የሚላከው ወደ እሷ ነው። የሀዘን ልብስ እንደ ሌላው ተለክቶና ተሞክሮ አይሰጥም፤ ቀብር አይጠብቅም። የሰውየውን ቁመትና ትከሻ በዓይኗ ትገምታለች፣ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች፣ ወስዳም ራሷ ታለብሳለች። ዕድሜዋን የኖረችው በዚህ ነው። የዚያን ቀን የሚቀበረው ጎረቤቷ በላይነህ ነበር፤ ቀሚሱን የሰፋችው ለሚስቱ ለታቢታ።

ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማች።

"እጅጌዋን አየሽው? የተማሪ ዩኒፎርም እኮ ነው።"

"ትራፊው እንዳይባክን ይሆናላ።"

ሙሉጌጥ የከረመችው ለትምህርት መክፈቻ ጥቁር ሰማያዊ ዩኒፎርም ስትሰፋ ነው፤ የተረፈው ጨርቅ ከጥቁሩ ጎን ተቀምጦ ነበር። ወደ ታቢታ ተመለከተች። ከላይ እስከ ታች ያው ጥቁር ነገር ብቻ ታያት።

እስከዚያ ድረስ ለሁሉም ምክንያት ነበራት። አምፖሉ ደከመ ብላ ቀይራለች። ከአዟሪ መነፅር ገዝታ፣ አልሆን ሲላት ሌላ ገዝታለች። ነጩ ክር ቢጫ ሲመስላት ክሩ የከረመ ነው ብላ ነጋዴውን አምታለች። ከአጠገቧ ሱቅ ጨርቅ የምትሸጠው ዘይነብ ግን ከቀብር መልስ መጥታ በሩን ገርበብ አድርጋ ተቀመጠች።

"እትዬ ሙሉጌጥ፣ ዓይንዎን ሞራ ይዞታል። መሀሉ ነጥቶ ለእኔ እንኳን ይታየኛል። ለምን አይታከሙም?"

"እስኪበስል ይጠበቃል ይላሉ።"

"ሙዝ ነው እንዴ?"

ሙሉጌጥ መብሰሉን አልነበረም የምትጠብቀው። ልጅ ሳለች የአካባቢው አዋቂ የአያቷን ዓይን በመርፌ ሲነካ ቆማ አይታለች፤ አያቷ ከዚያ በኋላ ብርሃን አላዩም። መርፌ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ዓይኗ ቢጠፋ ሌላ የምታውቀው ሥራ የላትም። ግን እጅጌው እንቅልፍ ነሳት። በመጨረሻ ዘይነብ ባጃጅ ጠርታ ወደ ሆስፒታል ይዛት ሄደች።

የዓይን ክፍሉ ነርስ ሄራን ሳትቸኩል አስረዳቻት። ሞራ የሚባለው ዓይን ላይ የበቀለ ቆዳ አይደለም፤ ከብሌኑ ኋላ ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፈው ሌንስ በዕድሜ ሲደፈርስ ነው አለቻት። ቀለም የሚያምታታባት፣ ፀሐይ ላይ የሚያጭበረብራት እሱ ነው። ጠብታ አያጠራውም፣ መነፅርም አይተካውም። ሐኪሙ የደፈረሰውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል እንጂ እንደ ድሮው አዋቂ በመርፌ ገፍቶ እዚያው አይተወውም። መብሰሉም አይጠበቅም፤ ሥራ ካስቸገረ ይበቃል።

"እንደ አያቴ ብሆንስ?" አለች ሙሉጌጥ።

ሄራን አደጋ ፈጽሞ የለውም ብላ አልዋሸቻትም። "ብዙው ሰው ያያል፣ እማማ" አለቻት። "ዝም ብለው ከተቀመጡ ግን እየጨለመብዎ ነው የሚሄደው።"

ሙሉጌጥ ተስማማች። ቀኝ ዓይኗ ታክሞ ፋሻው ከተነሳላት በኋላ ሱቋ ገብታ ሁለቱን ትራፊዎች ጎን ለጎን አወጣች። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ። ሕፃን የማይስተው ሰማያዊ። ከዚያ ከጥቁሩ አዲስ እጅጌ ቆርጣ ታቢታ ቤት ሄደች።

ታቢታ ቀሚሱን አምጥታ ጭኗ ላይ አኖረችው።

"የቀብሩ ዕለት ጠዋት ስታለብሺኝ አይቼዋለሁ" አለች። "በዚያ ዝናብ ይዘሽልኝ መጥተሽ፣ ቁልፉን በዳበሳ ስትቆልፊልኝ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ?"

ሙሉጌጥ ቀሚሱን ተቀብላ እዚያው ስፌቱን ፈታች። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ያስገባችው ራሷ ነበረች።

የእጅጌውን ወሬ ሰምተው አንዳንድ ደንበኞች እንደወጡ ቀርተዋል፤ እሷም አልጠራቻቸውም። አሁን ሙሉጌጥ ያችው ሱቅ ውስጥ አለች። ቀኝ ዓይኗ ያያል፣ ግራው ተራውን ይጠብቃል። ጥቁር ጨርቅ ከመቁረጧ በፊት ደጅ አውጥታ ፀሐይ ላይ ታየዋለች።