የመኖር ሥራ

በዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ከቶሮንቶ ወጣ ባለች የገጠር መንደር፣ ለጎብኚ በተጠበቀ ጥንታዊ የእንጨት ቤት ውስጥ፣ የድሮ ሰው ልብስ ለብሼ እሳት ዳር እቀመጥ ነበር። ሥራዬ ይኸው ነው። በቶሮንቶ ፓርክዴል ሰፈር የሚኖር አንድ ሐበሻ በመስኮት አየኝና፣ ሳያናግረኝ ሄዶ «አብዷል» ብሎ አወራብኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከተፍ አሉ።

«ምን ነካህ ልጄ? መብራት እንኳን የለህም!» አሉኝ ከመካከላቸው ጋሽ ተፈራ።

«ኧረ ሥራ ላይ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ምን እየሠራህ?»

«እዚህ የምኖር እየመሰልኩ።»

ተያዩና አማተቡ። «የምትከራየው ቤዝመንት፣ ምድር ቤት ክፍል፣ አግኝተንልሃል፤ ሳንይዝህ አንሄድም» ብለው አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። ይሄኔ አንድ አውቶብስ ሙሉ ጎብኚ ገብቶ፣ እኔን ትቶ እነሱን ፎቶ ያነሳ ጀመር።

ሲመሽ አለቃዬ ጠራኝ። «ከነገ ጀምሮ እነሱ ሥራ ይግቡ» አለኝ፤ «አንተማ እዚህ የምትኖር አትመስልም።»